ብዙ ሰው የሚሆን ሰው

መርካቶን በወሬ እንኳ የማያውቅ ገበሬ ጥቂት ነው። በአዲስ አበባ በአዲስ ከተማ ባለው በዚህ ትልቅ ገበያ እህል በረንዳ፣ ጨው በረንዳ፣ ሸማ ተራ የሚባሉ ቦታዎች አሉ። ስማቸው የመጣው ከሚሸጥባቸው ነገር ነው። ሲኒማ ራስ የሚባልም ሰፈር አለ። እዚህ ደግሞ ስሙን የሰጠው ሲኒማ ቤት ነው። ነጋዴውም ኩሊውም ሥራውን ሲጨርስ ከፍሎ ይገባና ፊልም ያይ ነበር። ቤቱ በኋላ ራስ ቴአትር ተባለ።

ፊልም ምንድን ነው? ፊልም ተከታትለው የሚያልፉ ፎቶግራፎች ናቸው። በአንድ ሰኮንድ ውስጥ 24 ፎቶግራፎች ያልፋሉ። ዓይናችን አንዱን ከሌላው መለየት ስለማይችል ሰውየው የሚራመድ ይመስለናል። በፊልሙ ውስጥ ሌላ ሰው ሆኖ የሚታየው ባለሙያ ተዋናይ ይባላል። አንዳንዱ ተዋናይ ሁልጊዜ ጀግና ብቻ ይሆናል። ሌላው ግን ዛሬ ዳኛ፣ ነገ ሌባ፣ ከነገ ወዲያ ሽማግሌ ይሆናል። እኛ አሁን የምንነጋገረው ስለዚህኛው ነው።

ከአገራችን ተዋንያን ደበበ እሸቱን እንውሰድ። ደበበ የታወቀው በመድረክ ቴአትር ነው። ሙያውን በሃንጋሪ አገር ተምሯል። በ1965 ዓ.ም. «ሻፍት በአፍሪካ» በሚባል የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ዋሳ የሚባለውን ሰው ሆኖ ተጫወተ። ዋናው ተዋናይ አሜሪካዊው ሪቻርድ ራውንድትሪ ነበር። የፊልሙ ከፊል የተነሣው እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ታሪኩ ወጣት አፍሪካውያንን አታለው ወደ አውሮፓ እየወሰዱ እንደ ባሪያ ስለሚያሠሩ ሰዎች ነው። ይህ ነገር ለእኛስ እንግዳ ነው? «ውጭ አገር ጥሩ ሥራ አለ» የሚል ደላላ ዛሬም በየመንደሩ ይገኛል።

ከዚያ ወዲህ 41 ዓመት አለፈ። በ2006 ዓ.ም. ደበበ «ቀያይ ቅጠሎች» በሚባል ፊልም ውስጥ ታየ። ፊልሙን በእስራኤል አገር የሠራው ኢትዮጵያ የተወለደው ባዚ ጌቴ ነው። በዚህ ጊዜ ደበበ መስገንዮ የሚባል ሽማግሌ ሆነ። መስገንዮ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የሄደ ቤተ እስራኤላዊ ነው። ሚስቱ ስትሞት ቤቱን ሸጦ ከልጆቹ ቤት ለመኖር ይሄዳል። ልጆቹ ግን የሰው አገር ልማድ ይዘዋል። አባት «እኔ ያልኩት ይሁን» ይላል፤ ልጆች አይሰሙም። ታሪኩ ከ400 ዓመት በፊት እንግሊዛዊው ሼክስፒር ከጻፈው የንጉሥ ሊር ቴአትር ጋር ይቀራረባል። ንጉሡም አገሩን ለልጆቹ ካካፈለ በኋላ መጠጊያ አጥቶ ነበር። መሬቱን ለልጆቹ ያካፈለ አባት ይህን ታሪክ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል።

ታዲያ አንድ ሰው እንዴት እንዲህ ብዙ ሰው ይሆናል? ጢምና ልብስ መለወጥ ብቻውን አይበቃም። በመድረክ ላይ ተዋናይ ከኋላ ለተቀመጠውም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። በፊልም ግን ካሜራው ፊቱ ድረስ ስለሚቀርብ ትንሽ የዓይን እንቅስቃሴ እንኳ ትታያለች። ደግሞም ፊልም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተራ አይነሣም። የለቅሶው ቀን ከሠርጉ ቀን በፊት ሊነሣ ይችላል። ተዋናዩ የሰውየውን ሐዘንና ደስታ በልቡ ይዞ መገኘት አለበት።

ይህን የሚማረው ከሰው ነው። አንድ ሰዓት መርካቶ ቆሞ የሚያይ ሰው ብዙ ይማራል። ሸክም የለመደ ሰው ባዶ እጁን ሲሄድ እንኳ ጎንበስ ይላል። አንዱ ነጋዴ ለአበዳሪው በለሰለሰ ቃል፣ ለተበዳሪው በቁጣ፣ ለልጁ በሳቅ ይናገራል። ጥሩ ተዋናይ ይህን ሁሉ አይቶ ያስቀምጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለብን። እህል በረንዳ ያለ አታላይ ደላላም ያስመስላል። ፊቱን አጥቁሮ «ዋጋው እኮ ወድቋል!» ይላል። ግን ማስመሰሉን አይነግረንም፤ ጤፋችንን በርካሽ ይወስዳል። ተዋናይ ግን የሚያስመስለው እያወቅን ነው። አታላዩ እንዴት እንደሚያታልል ገልጦ ያሳየናል። አታላይን በፊልም ላይ ልብ ብሎ ያየ ሰው ገበያ ላይ ሲያገኘው ሊነቃበት ይችላል።

ስለዚህ ክፉ ሰው ሆኖ የተጫወተውን ክፉ ነው ማለት ስሕተት ነው። በ2000ዎቹ ዓመታት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን «ሰው ለሰው» የሚባል ተከታታይ ድራማ ይታይ ነበር። በዚህ ድራማ አበበ ባልቻ አስናቀ የሚባለውን ክፉ ባለጠጋ ሆኖ ተጫውቷል። አበበ በትምህርቱ የሕግ ሰው ነው። የአስናቀ ክፋት የአስናቀ ነው፤ የአበበ ድርሻ ሙያው ነው። ተመልካቹ ከተናደደ ተዋናዩ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው።

ድሮ የቴአትር ሰው «አዝማሪ» እየተባለ ይናቅ ነበር። ሸማኔውም «ቁጢት በጣሽ»፣ አንጥረኛውም «ቀጥቃጭ» እየተባሉ እንደተናቁት ማለት ነው። ነገር ግን ሸማ ሳይለብስ፣ ያለ ማረሻ የሚያርስ ማን አለ? ተዋናይም ልብስና ማረሻ ባይሰጠን ራሳችንን የምናይበት መስተዋት ይሰጠናል።

እንወያይ

1. በተዋናይና በአታላይ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?

2. በመንደራችሁ የሌላውን ሰው አነጋገርና አካሄድ አስመስሎ የሚያሳይ ሰው አለ? ሰው የሚስቀው ለምንድን ነው?

3. «ውጭ አገር ጥሩ ሥራ አለ» የሚል ሰው ቢመጣ፣ ከመስማማታችሁ በፊት ምን ምን ትጠይቁታላችሁ?