መውጣቱስ ይወጣል

የድሮ ላንድሮቨር ወይም ላንድክሩዘር ያለው ሰው ወደ መንዝ ወይም ወደ መርሐቤቴ ለመሄድ ሲነሣ ገንዘቡን መጀመሪያ የሚያፈሰው ሞተሩ ላይ ነው። ቴስታታው ይወርዳል፣ ካንዴላው ይቀየራል፣ ካርቡራቶሩ ይታጠባል። አገሩ ደጋ፣ መንገዱ ዳገት ነውና መኪናው ጉልበት ያስፈልገዋል ይባላል። እኔ ግን ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ እላለሁ፤ መጀመሪያ ፍሬኑ፣ ቀጥሎ ማቀዝቀዣው፣ ሞተሩ ከዚያ በኋላ።

ከሙከጡሪ ወደ መርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ የሚወስደው መንገድ ለሚን አልፎ ወደ ጀማ ሸለቆ ሲገባ 1,000 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ይህን ያህል ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 60 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ያፈላል። ከፊሉን ሞተሩና ነፋሱ ይይዙታል፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ፍሬኑ ላይ ያርፋል። በቀደሙት ላንድሮቨሮች አራቱም እግር የታምቡር ፍሬን ነው፤ ታምቡር ደግሞ ሙቀቱን በውስጡ ያፍናል። ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል፣ ፔዳሉ እየሰመጠ ይሄዳል። የፍሬን ዘይቱ ካረጀ ነገሩ ይብሳል፤ ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይመጥጣልና። አዲስ ዶት 3 እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት የጠጣው ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ስለዚህ ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ይቀየር፤ ሸራው፣ ጎሚኒዎቹና ቱቦዎቹ አንድ በአንድ ይፈተሹ። ሾፌሩም ከባዱን ማርሽ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ያስገባ።

«ሞተሩ ከደከመ ዳገቱን ማን ይወጣዋል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን በመንዟ መሐል ሜዳ ከፍታ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው ሞተር ሩብ ያህል ወይም ከዚያ የበለጠ ጉልበቱን ያጣል፤ ይህን አየር የትኛውም ጋራዥ አይመልሰውም። ደካማ ሞተር በአንደኛ ማርሽ እያዘገመ ይወጣል፤ የሚያስከፍለው ሰዓት ነው። በዚያ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ግን የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ ጤነኛው ሞተርም ይግላል። ክዳኑና ማኒኮቶው ደግሞ ከሞተር እድሳት ጋር ሲነጻጸሩ ዋጋቸው ትንሽ ነው። ራዲያተሩን በንጹሕ ውኃ ብቻ ሞልቶ ጓሳ ማደርም አይገባም፤ የበጋው ሌሊት ውርጭ ውኃውን አግግሮ ሞተሩን ሊሰነጥቅ ይችላል። ኩላንት ግለቱንም ውርጩንም ይከላከላል።

ሌላው ክርክር «ቦሎ አለው፣ ምርመራውን አልፏል» የሚለው ነው። ምርመራው አስፈላጊ ነው፤ ግን ፍሬኑን የሚያየው ሳይግልና ጭነት ሳይኖር ነው። አሮጌውን ትቶ አዲስ መግዛት ይሻላል የሚለውም ለብዙው ሰው አይሠራም፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ሕግ ያገለገሉ መኪኖችን ክፉኛ አስወድዷል፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪኖችን ማስገባት ታግዷል። ያለውን በሚገባ ማሰናዳት የግድ ነው።

ለመንዝ ተጓዥ የፍሬኑ ፈተና መንገዱ ላይ ይገኛል። ጣርማ በር ሲደርስ ወደ መሐል ሜዳ ከመታጠፉ በፊት፣ ጭነቱን እንደ ያዘ ዋሻውን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ይውረድና መኪናውን አቁሞ መዳፉን ወደ አራቱም እግር ያስጠጋ። ከሌሎቹ ይልቅ የጋለው እግር ፍሬኑ አልለቅ ብሎታል፤ ቀዝቃዛው ጨርሶ አልያዘም። መፍቻው እዚያው ይውጣ።