የገና ዳቦና የኮባው ምሥጢር

«ክዳኑን አትክፈቱ! እንፋሎቱ ይወጣል!» በልጅነታችን፣ በጌጫ፣ በየገናው ዋዜማ ከእናታችን አንደበት የማይጠፋ ተግሣጽ ነበር።

ውድ አንባቢያን! በሸካ ደን መካከል በምትገኝ በዚያች ደጋማ ከተማ ያደገ ሰው ገናን የሚያስታውሰው በአፍንጫው ጭምር ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ የዘለቀው ጾም ሊፈታ ሰዓታት ሲቀሩት፣ እኛ ልጆች ከጓሮው እንሰት ለጋ ቅጠል ቆርጠን እናመጣለን። እናታችን ቅጠሉን በእሳት ወላፈን ለብለብ አድርጋ ታለሰልሰዋለች፤ ኩፍ ያለውን ሊጥ ትጠቀልልበታለች፤ በሸክላው ምጣድ ላይ አኑራ ሌላ ምጣድ ትከድንና በላዩ ፍም ታደርጋለች። ሌሊቱን የኮባው ሽታ ከቡናው ጋር ተደባልቆ እንቅልፍ ይነሣናል። ጠዋት አያታችን ባርከው ሲቆርሱት ቅርፊቱ እንደ ውስጡ የለሰለሰ ነበር። ከማር ጋር የበላነውን ያን ዳቦ የሚስተካከል ምግብ እስካሁን አላገኘንም።

ከዓመታት በኋላ ለዶክትሬት ትምህርት ባሕር ተሻግረን ሳለ፣ የአገሬው ሰዎች ገናቸውን አክብረው ሁለት ሳምንት ሊሞላ ሲል፣ በእኛው ገና ዋዜማ ያንኑ ዳቦ በኤሌክትሪክ ምድጃ ልንጋግር ተነሣን። ዱቄቱም እርሾውም ነበር፤ ሙቀቱም በዲግሪ ተለክቷል። የወጣው ግን ላዩ እንደ እንጨት የደረቀ፣ ውስጡ ሊጥ የሆነ ነገር ነበር። ስልክ ደውለን ብንነግራት እናታችን በአንድ ጥያቄ መለሰችልን፦ «ታዲያ በምን ጠቀለልከው?» ቴርሞዳይናሚክስን ለፈተና የሸመደድን እኛ፣ ይህን ጥያቄ ራሳችንን ጠይቀን አናውቅም ነበር።

ለመሆኑ ኮባው ምን ይሠራል? አንድ ግራም ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ 2,260 ጁል ያህል ሙቀት ይወስዳል። ይህም ያንኑ ውሃ ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ እስከ መፍያው ነጥብ ለማሞቅ ከሚያስፈልገው ከስድስት እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ በእርጥቡ ቅጠል ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ፣ ከፍሙ ሙቀት ብዙው የሚውለው ያን ውሃ ለማትነን ነው። በ2,000 ሜትር ከፍታ ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በቅጠሉ የተሸፈነው የሊጥ ገጽም ውሃው እስኪያልቅ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ዳቦን የሚያጠይመው፣ ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ካሚል ማያር እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው ኬሚካዊ ለውጥ ግን የሚፋጠነው 140 ዲግሪ አካባቢ ነው። የታፈነው እንፋሎትም ቅርፊቱ ቶሎ እንዳይደርቅ በማድረግ፣ በውስጡ ያለው ጋዝ ሊጡን እንዲነፋው ጊዜ ይሰጠዋል። የእናታችን ተግሣጽ ትክክል ነበር ማለት ነው።

በሁለተኛው ሙከራችን ሊጡን ሸፍነን፣ በምድጃው ውስጥ የፈላ ውሃ በብረት ሳህን አስቀመጥን። ዳቦው ለሰለሰ፤ የኮባው ሽታ ግን አልነበረውም።

ሆኖም ትዝታ ሁሉ ጣፋጭ አይደለም። ያን ዳቦ የጋገረችው እናታችን ሌሊቱን በጢስ ተከባ ታነጋ ነበር። እኛ ልጆች የዳቦውን ቁራሽ እንጂ ሳሏን አልቆጠርንም። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት፣ በቤት ውስጥ የሚፈጠር የአየር ብክለት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ለ3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞት ምክንያት ሆኗል።

እንግዲህ ተማሪዎች፣ በመጪው ገና ቴርሞሜትርና ደብተር ይዛችሁ ወደ ማድቤት ግቡ። እናቶቻችሁን ጠይቁ፤ የሚያውቁትንም መዝግቡ። ኮባውን ሳያስቀር ጢሱን የሚያስቀር ምድጃ መሥራት የእናንተም የእኛም ዕዳ ነው።