ውሃ አላወጣ ያለው የልብስ ማጠቢያ ማሽን

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይላል ያገሬ ሰው። እኛ ቤት አንድ ዓመት የጥምቀቱ ልብስ ሊበጣጠስ ምንም አልቀረውም ነበር። ጥር 9 ቀን ማታ፣ ከተራ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ የባለቤቴ ነጠላ፣ የእናቴ ጋቢና የልጆቹ ነጫጭ ልብሶች ማጠቢያ ማሽኑ ውስጥ እንደተዘፈዘፉ ማሽኑ ቆመ። ውሃው የበሩ መስታወት ግማሽ ላይ ደርሷል፤ በሩ ተቆልፏል፤ ሰሌዳው ላይ የማናውቀው ምልክት ብልጭ ድርግም ይላል።

በማግስቱ ጠዋት ባለሙያ ተጠራ። መጣ፣ ማሽኑን አንድ ጊዜ አብርቶ ጆሮውን አስጠጋና «ፓምፑ ተቃጥሏል» አለ። ለዕቃውና ለእጅ ዋጋ 7 ሺሕ ብር እንደሚያስፈልግ ነግሮን ሄደ። አንድ ብሎን እንኳ አልፈታም።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ስናገር አፍራለሁ። የቤት ሠራተኛችንን ጠርቼ «ምን አድርገሽው ነው?» አልኳት። እሷም ቀስ ብላ «ጋሼ፣ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ውሃ ሲያወጣ ጠጠር የሚፈጭ ይመስላል። ነግሬዎት ነበር እኮ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ነግራኛለች። እኔ ግን ስልኬን እየነካካሁ «እሺ፣ እናየዋለን» ብዬ አልፌያት ነበር። የጥገናው ወጪ ከደመወዟ ላይ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ቢቀነስ የሚል ሐሳብ በልቤ ሽው ብሎ እንደነበርም አልደብቅም።

እንደ ዕድል ሆኖ 7 ሺሕ ብሩን ከማውጣቴ በፊት ቁምሳጥን ውስጥ ተረስቶ የኖረውን የማሽኑን መመሪያ አገኘሁት። ከዚያ ያነበብኩትንና በእጄ የሞከርኩትን እዚህ የማካፍለው፣ ተመሳሳይ ችግር የገጠመው አንባቢ ገንዘቡንም ሆነ ሰው ላይ የሚሰነዝረውን ቃል ከመወርወሩ በፊት ግማሽ ሰዓት እንዲታገሥ ነው።

ውሃው የሚወጣበት መንገድ

ከፊት በር ያለው ማሽን ውሃ የሚያስወግድበት መንገድ ያን ያህል የተወሳሰበ አይደለም። ልብሱ የሚሽከረከርበት ከበሮ በሌላ ትልቅ ገንዳ ውስጥ ተቀምጧል። ከገንዳው ሥር አጭር የጎማ ቱቦ ይወጣና ወደ ማጣሪያው (ፊልተሩ) ይገባል። ከማጣሪያው ቀጥሎ ፓምፑ አለ። የፓምፑ ትንሽ መዘውር ስትሽከረከር ውሃውን በረዥሙ የፍሳሽ ቱቦ ሽቅብ ገፍታ ወደ ቤቱ ፍሳሽ መውረጃ ትልከዋለች።

ስለዚህ ውሃ አልወጣ ሲል እንቅፋቱ ከእነዚህ ቦታዎች በአንዱ ላይ ነው፦ በቤቱ ፍሳሽ፣ በቱቦው፣ በማጣሪያው፣ በፓምፑ፣ ወይም ፓምፑን በሚያዘው የኤሌክትሪክ ክፍል። የፍለጋው ሕግም አንድ ነው፤ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ወጪ ከሌለው ወደ ውዱ መሄድ። ያ ባለሙያ የጀመረው ከመጨረሻው ነበር።

የሚታየው ምልክትም ይረዳል። ለምሳሌ በኤልጂ ማሽኖች «ኦኢ»፣ በሳምሰንግ «5ኢ» ወይም «5ሲ»፣ በቦሽ «ኢ18»፣ በኤሌክትሮሉክስ ደግሞ «ኢ20» የሚሉት ምልክቶች ውሃው አልወጣም ማለት ናቸው። ልብ ይበሉ፤ ምልክቱ «ውሃው አልወጣም» ይላል እንጂ «ፓምፑ ተቃጥሏል» አይልም።

ከመንካትዎ በፊት

በመጀመሪያ ችግሩ በእርግጥ ብልሽት መሆኑን ያረጋግጡ። አንዳንድ ማሽኖች ልብሱ እንዳይጨማደድ የመጨረሻውን ውሃ ይዘው እንዲቆሙ የሚያዝ ቁልፍ አላቸው። ሳይታወቅ ከተነካ ማሽኑ የታዘዘውን ነው የፈጸመው። መብራት ሄዶ ሲመጣም ማሽኑ ውሃውን እንደያዘ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ውሃ የማስወገጃውን ወይም የመጭመቂያውን ፕሮግራም ለብቻው አስጀምረው ይዩ። ኃይሉ በጣም በሚያንስበት ሰዓት ፓምፑ እያጉረመረመ ላይዞር ስለሚችል፣ አምፖሎቹ ደብዘዝ ካሉ ኃይሉ እስኪስተካከል ይጠብቁ።

አሁንም ካልሠራ ሶኬቱን ይንቀሉ። ማጥፊያውን መጫን ብቻ በቂ አይደለም። ውሃና ኤሌክትሪክ በተገናኙበት ቦታ እጅ ማስገባት ቀልድ አይደለም። ማሽኑ በ60 ወይም በ90 ዲግሪ ሲያጥብ ከነበረ ውሃው እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ግድ ነው፤ ማጣሪያው ሲከፈት የሚወጣው ፍል ውሃ እጅን ያቃጥላል። በሩንም በኃይል አይጎትቱ፤ የተቆለፈው ውሃው ወለሉ ላይ እንዳይፈስ ነው።

ቱቦው፣ ፍሳሹና አረፋው

ከማሽኑ ጀርባ ያለውን የፍሳሽ ቱቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመልከቱ። ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ማሽኑ ወደ ግድግዳ ሲገፋ ቱቦው ተጣጥፎ ይታነቃል። የቱቦው ከፍታም ወሳኝ ነው። አብዛኞቹ መመሪያዎች ቱቦው ከወለሉ ከ60 እስከ 100 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ እንዲሰቀል ያዛሉ። ከዚያ በጣም ከፍ ካለ ፓምፑ ውሃውን ለመግፋት ያቅተዋል። ብዙዎቻችን እንደምናደርገው መሬት ላይ ከተጣለ ደግሞ ተቃራኒው ችግር ይመጣል፤ ማሽኑ ውሃ እየሞላ ሳለ ውሃው በራሱ ጊዜ ሾልኮ ይወጣል።

ቱቦው ከማዕድ ቤት ሳህን ማጠቢያ ሥር ካለው ሲፎን ጋር ከተያያዘ ጥርጣሬዎ ወደዚያ ይዙር። ቅባትና የቡና አተላ ሲፎኑን ሲደፍኑት የሚወቀሰው ማሽኑ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ የቱቦውን ጫፍ ከፍሳሹ አውጥተው በዚያው ከፍታ ባልዲ ውስጥ ያስገቡት፤ ሶኬቱን መልሰው ይሰኩና ውሃ የማስወገጃውን ፕሮግራም ያስጀምሩ። ባልዲው ሲሞላ የሚያስቆመው ሰው አጠገቡ ይኑር። ውሃው በደንብ ከወጣ ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ የሚያስፈልግዎት የቧንቧ ሠራተኛ ነው።

ሦስተኛው ተጠርጣሪ አረፋ ነው። በልማድ ሁሉንም «ኦሞ» ብለን የምንጠራው ለእጅ እጥበት የተዘጋጀ ዱቄት ሳሙና ብዙ አረፋ ያወጣል። ፓምፑ የተሠራው ውሃ እንዲገፋ እንጂ አረፋ እንዲገፋ ስላልሆነ በአረፋ ሲሞላ በከንቱ ይዞራል። ለማሽን የሚሆነውን፣ አረፋው ያነሰ ሳሙና መግዛት፣ መጠኑንም መቀነስ ይህን ችግር ያስቀራል።

ማጣሪያው

የአብዛኛው ሰው ችግር የሚፈታው እዚህ ነው። ሶኬቱ መነቀሉን ደግመው ያረጋግጡ። ከማሽኑ ፊት ለፊት፣ ከታች፣ አብዛኛውን ጊዜ በስተቀኝ ትንሽ ክዳን አለች። በሳንቲም ወይም በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ጫፍ ትከፈታለች። ከውስጧ በእጅ የሚፈታ ክብ የፕላስቲክ ማጣሪያ ይታያል። በአንዳንድ ማሽኖች ከአጠገቡ ጫፉ የተደፈነ ቀጭን ቱቦ አለ፤ ድፍኑን ነቅሎ ውሃውን በእሱ ማውረድ ይቻላል።

ማሽኑ ውስጥ የቀረው ውሃ 20 ሊትር ሊደርስ ስለሚችል ዝቅ ያለ ሳፋና መወልወያ ጨርቅ ያዘጋጁ። ማጣሪያውን በአንድ ጊዜ አይፍቱት። ወደ ግራ ጥቂት ያዙሩና ውሃው ሳፋውን ሲሞላ መልሰው ያጥብቁ፤ ሳፋውን ደፍተው ይድገሙት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖር ሰው ይህን ውሃ ለሽንት ቤት እንደሚያስቀምጠው አልጠራጠርም፤ እኛም እንደዚያው አደረግን።

ከእኛ ማጣሪያ የወጣው ይህ ነው፦ አንድ የብር ሳንቲም፣ ሁለት ቁልፍ፣ ተልጦ እንደ ሊጥ የሆነ ደረሰኝ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከነጠላና ከጋቢ ዘርፍ የተበጠሰ ክር ተጠቅልሎ የአውራ ጣት ያህል ሆኖ። ማጣሪያውን በቧንቧ ውሃ አጠብኩት። ሥራው ግን በዚህ አላበቃም።

ማጣሪያው በወጣበት ቀዳዳ በባትሪ ሲታይ ከመጨረሻው ላይ የፓምፑ መዘውር ትታያለች። በእንጨት ጫፍ ቀስ ብለው ገፋ ገፋ ያድርጓት። በአንድ ጊዜ ሳይሆን እየዘለለች ከዞረች አይደንግጡ፤ ከውስጧ ማግኔት ስላለ እንደዚያ መሆኗ ጤንነት ነው። ጨርሶ የማትነቃነቅ ከሆነ ግን አንድ ነገር ይዟታል። የእኛዋ አልነቃነቅ አለች። በወረንጦ ክሩን ስስብ አብሮት አንድ ቀጭን እንጨት ወጣ። ስቴኪኒ ነበር።

ድምፁ ምን ይላል?

ማጣሪያው ንጹሕ፣ መዘውሯም ነፃ ሆና አሁንም ውሃ ካልወጣ ጆሮን መጠቀም ነው። ፓምፑ እያጉረመረመ የማይገፋ ከሆነ መዘውሯ ተይዛለች፣ ወይም ፓምፑ ደክሟል። ድምፁ ያለ ጭንቀት የሚዞር ዓይነት ሆኖ ውሃ ከሌለ መዘውሯ ከዘንጓ ተላቃለች፣ ወይም ከገንዳው ወደ ፓምፑ የሚመጣው አጭር ቱቦ ተደፍኗል፤ እዚያ የሕፃን ካልሲ መገኘቱ የተለመደ ነው። ፍጹም ጸጥታ ከሆነ ግን ለፓምፑ ኤሌክትሪክ አልደረሰውም፣ ወይም የውስጡ ሽቦ ተበጥሷል።

ፓምፑ በእርግጥ መቃጠሉ በግምት ሳይሆን በቴስተር ይታወቃል። ሶኬቱ ተነቅሎ፣ የፓምፑም ሽቦዎች ወጥተው ሁለቱ ጫፎች ሲለኩ አብዛኞቹ ፓምፖች ከ100 እስከ 200 ኦም አካባቢ ያሳያሉ። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ሽቦው ተበጥሷል፤ ያኔ ፓምፑን መቀየር ተገቢ ነው። ደህና ካሳየ ደግሞ የሚቀረው የቁጥጥር ሰሌዳው፣ ሽቦዎቹ፣ ወይም የውሃውን መጠን የሚለካው ክፍል ነው። ይህ ክፍል የሚሠራው በቀጭን ቱቦ ውስጥ በሚታመቅ አየር ስለሆነ ቱቦዋ በሳሙና ዝቃጭ ስትደፈን ማሽኑ ውሃ መኖር አለመኖሩን ይሳሳታል። እዚህ ላይ ለባለሙያ መተው ብልህነት ነው። ማጣሪያቸው ከውጭ የማይገኝ ማሽኖችም ስላሉ እነሱን ከጀርባ ወይም ከሥር መክፈት የባለሙያ ድርሻ ነው።

ባለ ሁለት ገንዳው ማሽን ግን ከዚህ የተለየ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ፓምፕ የለውም፤ ውሃው የሚወርደው በራሱ ክብደት ነው። የማፍሰሻው ቁልፍ ሲዞር በገመድ የተያዘች የጎማ መድፈኛ ወደ ላይ ትነሳለች። ውሃ ካልወረደ ገመዷ ተበጥሳለች፣ ከመድፈኛዋ ሥር ክር ተሰንቅሯል፣ ወይም ቱቦው ከማሽኑ በላይ ከፍ ብሏል። እዚህ ቱቦው መሬት ላይ መተኛት አለበት።

ባለሙያ ከተጠራም

«ፓምፑ ተቃጥሏል» ለሚል ባለሙያ ሦስት ጥያቄ ይበቃዋል። ማጣሪያውን ከፍተህ አይተሃል? መዘውሯ ትዞራለች? ቴስተሩ ስንት አነበበ? ጥሩ ባለሙያ በእነዚህ ጥያቄዎች አይቆጣም፤ እንዲያውም ሳይጠየቅ ያሳይዎታል። የተቀየረውን አሮጌ ፓምፕ መረከብም የባለቤቱ መብት ነው።

እኛ ማጣሪያውን መልሰን አጥብቀን፣ ሁለት ሊትር ያህል ውሃ ከበሮው ውስጥ ጨምረን ሞከርነው። ከክዳኗ ጠብ ያለ ነገር አልነበረም፤ ውሃውም እየተንዶለዶለ ወጣ። ልብሱ ታለቅልቆ፣ ተጨምቆ ተሰጣ። የጥር ፀሐይ ደግ ናት፤ ታቦታቱ ከመውጣታቸው በፊት ነጠላው ደርቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማጣሪያውን በየሁለት ወሩ እናጸዳለን፤ ዘርፍ ያለው ልብስም በመረብ ከረጢት ሆኖ ነው የሚገባው።

የስቴኪኒውን ነገር ግን ሳልናገር ብጨርስ ሐቀኛ አልሆንም። ከምሳ በኋላ ስቴኪኒ ሸሚዝ ኪስ ውስጥ የመክተት ልማድ ያለው በቤታችን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። ሠራተኛችንን ጠርቼ እንጨቱን አሳየኋትና ይቅርታ ጠየቅኋት። «ምንም አይደል ጋሼ» ብላ ዝም አለች። በማግስቱ ማሽኑ ላይ ባዶ የወተት ጣሳ ተቀምጦ አገኘሁ። ልብሴን ለእጥበት ከመስጠቴ በፊት ኪሴን የማራግፈው እዚያ ውስጥ ነው። ማሽኑ ድምፁን ሲለውጥ ደግሞ ማን ቀድሞ እንደሚሰማው ስለማውቅ፣ ስትነግረኝ ስልኬን አስቀምጬ እሰማታለሁ።