ሎሚ የማይደርስበት ቫይረስ

በነርስነት ባሳለፍኳቸው ዓመታት ትኩሳትና ሳል ያለበት ልጅ ይዘው ከሚመጡ እናቶች ደጋግሜ የሰማሁት ጥያቄ አለ። «ሲስተር፣ ሎሚ አሲድ አይደል? አሲድ ደግሞ ቫይረስ ይገድላል፤ ታዲያ ብሰጠው ምን አለበት?» ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ጎረቤቶቼ ይህንኑ ይጠይቁኛል። ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱ ግን ብዙዎችን ያስገርማል፦ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ አሲድን ይፈልገዋል። ያለ አሲድ ሕዋሳችን ውስጥ ዘልቆ ሥራውን መጀመር አይችልም።

ቫይረሱ ከቅባት የተሠራ ስስ ሽፋን ለብሷል። ሕዋሳችንም እንዲሁ የቅባት ሽፋን አለው። ቫይረሱ የያዘውን ዘረመል ለማስገባት ሁለቱ ሽፋኖች መዋሐድ አለባቸው፤ ወጥ ላይ የተንሳፈፉ ሁለት የዘይት ጠብታዎች ተገናኝተው አንድ እንደሚሆኑት ማለት ነው። ይህ ግን በራሱ አይሆንም። ሥራውን የሚሠራው ሄማግሉቲኒን የተባለ፣ ከቫይረሱ ገላ ላይ እንደ እሾህ የቆመ ፕሮቲን ነው። ኤች1ኤን1 ሲባል የምትሰሙት «ኤች» ከዚሁ ስም የመጣ ነው።

እሾሁ መጀመሪያ ሕዋሱን ይይዛል። ሕዋሱም የነካውን ነገር በትንሽ ከረጢት ጠቅልሎ ወደ ውስጥ ይወስደዋል፤ ከረጢቷ ወደ ውስጥ በዘለቀች መጠን አሲድ ይጨምርባታል። የአሲድ መጠን በፒኤች ይለካል፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል። ደማችን 7.4 አካባቢ ነው፤ ከረጢቷ ውስጥ ግን ወደ 5 ይጠጋል። ያኔ ፕሮቲኑ ቅርጹን ይለውጣል። ተደብቆ የነበረው ጫፉ እንደ አይጥ ወጥመድ ተፈናጥሮ የከረጢቷን ሽፋን ይወጋል፤ ከዚያ ታጥፎ ሁለቱን ሽፋኖች አንድ ላይ ይጎትታል። በሩ ተከፈተ ማለት ነው።

የዚህን ፕሮቲን ቅርጽ ኢያን ዊልሰን፣ ጆን ስኬል እና ዶን ዋይሊ እ.ኤ.አ. በ1981 አሳዩ። አሲድ ካገኘው በኋላ የሚይዘው ቅርጽ ደግሞ በ1994 ታወቀ። ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን ያየ ሰው አንድ ፕሮቲን ናቸው ቢሉት የሚያምን አይመስለኝም።

ወጥመዱ አንዴ ከተፈናጠረ አይመለስም። ስለዚህ ቫይረሱ ከሕዋስ ውጭ አሲድ ቢያገኘው በባዶ ይፈናጠርና ይከሽፋል። እናቶቹ በግማሽ ልክ ናቸው ማለት ነው፤ ላቦራቶሪ ውስጥ አሲድ ኢንፍሉዌንዛን ያመክናል። የጠጣነው ሎሚ ግን የሚወርደው ጨጓራ ውስጥ ነው፤ እዚያ ድሮም አሲድ ሞልቷል። ቫይረሱ ያለው በአፍንጫ፣ በጉሮሮና በአየር ቧንቧ ሕዋሳት ውስጥ ነው። የደማችንን ፒኤች ደግሞ ሳንባና ኩላሊት ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ጠባብ ክልል ይጠብቁታል። ሎሚ ያን የሚለውጥ ቢሆን ኖሮ ሎሚ የጠጣ ሁሉ ሆስፒታል በተኛ ነበር። ለብ ባለ ውኃ የተበጠበጠ ሎሚ ጉሮሮ ያለሰልሳል፤ እኔም እጠጣዋለሁ። ሎሚ ወይም አቼቶ አፍንጫ ውስጥ መጨመር ግን ስስ ቆዳውን ያቃጥላል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ከሎሚው ጋር ማር አይሰጥም።

በኮቪድ ጊዜ የተገላቢጦሹ ሐሳብ መጣ፦ የከረጢቷን አሲድ እናጥፋው። የወባ መድኃኒቱ ክሎሮኪን ከረጢቷ ውስጥ ተጠራቅሞ አሲዷን ይቀንሳል፤ በዝንጀሮ ኩላሊት ሕዋሳት ላይ ሲሞከርም የኮሮና ቫይረስን አግዶ ነበር። ሰው መድኃኒቱን ለመግዛት ተሻማ፤ በመጋቢት 2012 በናይጄሪያ ሌጎስ በክሎሮኪን የተመረዙ ሰዎች ሆስፒታል ገቡ። በብሪታንያ የተካሄደው ሪከቨሪ የተባለ ሙከራ የክሎሮኪንን የቅርብ ዘመድ ሃይድሮክሲክሎሮኪንን ለ1,561 ሕሙማን ሰጥቶ ቢያይ፣ በ28 ቀን ውስጥ 27 በመቶው ሞቱ። መድኃኒቱን ካልወሰዱት መካከል የሞቱት 25 በመቶ ነበሩ። አልጠቀመም።

ለምን? የሳንባችን ሕዋሳት በላያቸው ላይ ቲኤምፒአርኤስኤስ2 የሚባል ኢንዛይም አላቸው። እሱ የኮሮናን እሾህ እዚያው ደጃፍ ላይ ቆርጦ ያዘጋጅለታል፤ ቫይረሱ የአሲድ ከረጢት መጠበቅ አያስፈልገውም። በሙከራው የዝንጀሮ ሕዋሳት ላይ ይህ ኢንዛይም ስለሌለ ነው ክሎሮኪን የሠራ የመሰለው።

ከወባ ሕክምና የተረፈ ክሎሮኪን መሳቢያ ውስጥ ያላችሁ ለጉንፋንም ለሳልም አታውጡት። ጥቂት ፍሬ ትንሽ ልጅን ሊገድል ስለሚችል፣ አቅራቢያችሁ ላለ ጤና ጣቢያ ወይም ፋርማሲ ብትመልሱት ይሻላል።