ዳይሬክት አድርግልኝ

ከሚደውሉልኝ ደንበኞች ብዙዎቹ ምርመራውን ራሳቸው ጨርሰው ነው የሚደውሉት። «የልብስ ማጠቢያው ሞተር ተቃጥሏል፤ ና» ይሉኛል። ማብሪያውን ሲጫኑ ትንሿ መብራት እንኳ ካልበራች ግን ሞተሩን መጠርጠር ግፍ ነው። ሞተሩ ቢሆን ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ይበራል፣ በሩን ቀጭ አድርጎ ይቆልፋል፣ ውሃ ይስባል፤ ዝም የሚለው ለማዞር ሲሞክር ነው። ጭራሽ ትንፍሽ ያላለ ማሽን መጀመሪያ መታየት ያለበት መግቢያው ላይ ነው፦ ሶኬቱ፣ ዲቫይደሩ፣ ስፒናው፣ ገመዱ፣ አለዚያም ማብሪያ ማጥፊያው።

ስለዚህ ካቻቪቴ ከማንሳቴ በፊት ከግድግዳው እጀምራለሁ። ማሽኑ ውሃ ሲያሞቅ ወደ 2,000 ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 9 አምፒር ግድም ነው። ለቴሌቪዥንና ለስልክ ቻርጀር የተገዛ ቀጭን ዲቫይደር ይህን በየእጥበቱ ሲሸከም ውስጥ ውስጡን ይቀልጣል። ሶኬቱ ደህና ከሆነ ስፒናውን ነቅዬ ክዳኑን እከፍታለሁ፤ በብዙ ማሽኖች ከኋላ ሁለት ብሎን ፈትቶ ክዳኑን ወደ ኋላ መሳብ ይበቃል።

ማብሪያ ማጥፊያው ከፊተኛው ሰሌዳ ጀርባ የተሸጎጠ፣ የክብሪት ቀፎ የማያክል ነገር ነው። አራት እግር አለው፤ ሁለቱ መግቢያ፣ ሁለቱ መውጫ። እኔ አስቀድሜ የማየው ቀለሙን ነው። ከአራቱ በአንደኛው እግር ዙሪያ ፕላስቲኩ ከጠቆረ፣ የሽቦው ልባስም ደርቆ ጠፍ ሲያደርጉት የሚሰነጠቅ ከሆነ ነገሩ እዚያ ነው። ጤነኛ ተርሚናል በፒንሳ ሲጎትቱት ይታገላል፤ የተቃጠለው በጣት ይወጣል። የላላ መገናኛ ይግላል፤ ሲግል ብረቱ የመያዝ ጉልበቱን ያጣል፤ ያን ጊዜ ይብስ ይላላል። ሙቀቱ በእግሩ በኩል ወደ ውስጥ ዘልቆ ማብሪያውን የሚገድለው እንዲህ ነው። አዲስ ማብሪያ ገዝቶ በዚያው በጠቆረ ተርሚናል ላይ መሰካት ትርፉ ከጥቂት ወር በኋላ ተመልሶ መጠራት ነው። ሽቦው የሚያብለጨልጨው መዳብ እስኪታይ ድረስ መቆረጥ፣ አዲስ ተርሚናልም በወጉ መጨመቅ አለበት። ይህን የሚዘሉ የሙያ ባልደረቦቼ ያበሳጩኛል፤ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» እያሉ የሚያማርሩትም እነሱው ናቸው።

መልቲሜትርም ቢሆን ያታልላል። ስፒናው ተነቅሎ ሁለቱን ጫፍ ሲነኩ ጢጥ ካለ፣ ማብሪያው ደህና ነው ተብሎ ወደ መቆጣጠሪያ ቦርዱ ይታለፋል፤ ቦርድ ደግሞ ውድ ነው። መሣሪያው ለመለኪያ የሚልከው ኤሌክትሪክ ከቁም ነገር የማይገባ ስለሆነ ብልጭታ በበላው ግንኙነትም ሾልኮ ያልፋል። 9 አምፒር ሲመጣበት ግን ሌላ ታሪክ ነው። እኔ የማምነው ማሽኑ ውሃ እያሞቀ ሳለ በአንዱ መስመር መግቢያና መውጫ መካከል ያለውን ቮልት መለካትን ነው። ወደ ዜሮ መጠጋት አለበት። 2 ቮልት ካሳየ፣ በዚያች ትንሽ ፕላስቲክ ውስጥ 18 ዋት ሙቀት አለ ማለት ነው። ይህ መብራት ባለበት የሚሠራ ሥራ ስለሆነ ለባለቤቶች አልመክርም።

ማብሪያውን ከውስጥ የሚበላውን ብልጭታ የሚያበዛው ልማድ ነው። ውሃ እየሞቀ ዋናውን ማጥፊያ መጫን አንዱ ነው፤ መብራት ሄድ መለስ ሲል «ይነሳ ይሆን» እያሉ መደጋገም ሌላው። መብራት እንደጠፋ ቢያጠፉት ምንም ብልጭታ የለም፤ ሲመጣ ደግሞ ጥቂት እስኪረጋጋ መታገስ ነው። (በአዳዲሶቹ ማሽኖች ላይ የምንጫናት ቁልፍ ብዙ ጊዜ ለቦርዱ ምልክት ብቻ ናት፤ ማሽኑ «ጠፍቶም» ኤሌክትሪኩ ቦርዱ ድረስ ይገባል። የእነሱ እውነተኛ ማጥፊያ ስፒናው ነው።)

መለዋወጫ ሲጠፋ ወይም ሲወደድ የሚቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ዳይሬክት አድርግልኝ»። ማብሪያውን አውጥቶ ሽቦን ከሽቦ ማገናኘት። ማሽኑ ይነሳል፣ ልብሱ ይታጠባል፣ ደንበኛው ይመርቃል። እኔ ግን እምቢ እላለሁ። የምንጠቀምባቸው ባለ ሁለት ክብ እግር ስፒናዎች ተገልብጠውም ስለሚገቡ፣ ፋዙ ዛሬ በአንዱ ሽቦ፣ ነገ በሌላው ሊመጣ ይችላል። ማብሪያው አራት እግር የኖረው ሁለቱንም መስመር ባንዴ እንዲቆርጥ ነው። እሱ ከሌለ ፕሮግራሙ ሲያልቅ ማሞቂያው ከአንዱ መስመር ብቻ ሊለያይ ይችላል፤ ሌላኛው እንደተያያዘ ያድራል።

ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ አንዲት እናት «ልጄ፣ ሲሠራስ እሺ፤ ጠፍቶም ይነዝረኛል» አሉኝ።

«እማማ፣ ከዚህ በፊት ሰው ነክቶት ያውቃል?»

«አዎ፣ አንድ ልጅ ዳይሬክት አድርጎልኛል። እግዜር ይስጠው።»

ሰሌዳውን ስከፍት በናስትሮ የተጠቀለሉ ሁለት ቋጠሮዎች አገኘሁ። ማሞቂያው አርጅቶ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ጀምሯል፤ ፋዙ ባልተቆረጠው ሽቦ በገባ ቀን የማሽኑ ላሜራ ይይዛል። ግራውንድ ቢኖር ወደ መሬት ይወርድ ነበር። ሶኬቱን ስፈታው የግራውንዱ መያዣ አለ፤ ከኋላው ግን ሽቦ የለም። «ስፒናውን እየነቀልኩ ልጠቀምበት» አሉ። ሐሳባቸው መጥፎ አልነበረም፤ ስፒና ሲነቀል ሁለቱም መስመር ይቆረጣል። ግን እየሠራ ማሽኑን የሚነካ ሰው አለ፤ የልጅ ልጆቻቸውም ወለሉ እርጥብ በሆነበት ነው የሚጫወቱት።

መርካቶ ስሄድ የማብሪያውን ጎን አነባለሁ። 16(4) ካለ፣ 16ቱ ለማሞቂያ ዓይነት ጭነት፣ በቅንፍ ያለው 4 ለሞተር የሚፈቀደው አምፒር ነው። ቅርጹ ቁርጥ እሱን የሚመስል ባለ 6 አምፒርም አለ፤ ቀዳዳው ውስጥ ልክ ይገባል፣ ዋጋውም ይቀላል። አልገዛውም። ለእማማ ባለ 16ቱን አስገባሁ፣ ማሞቂያውንም ለወጥኩ። ግድግዳው ውስጥ ሽቦ መዘርጋት የእኔ ሥራ ስላልሆነ፣ የቤት ኤሌክትሪሻን ግራውንዱን እስኪያስገባ ማሽኑን እንዳያስነሱ ነገርኳቸው።

«እስከዚያ በእጄ ልጠብ?» አሉኝ።

አዎ አልኳቸው። አልወደዱትም።