ሩቤላ፦ ግማሽ ክትባት ለምን አስፈራ?

ሩቤላ ልጅን ሲይዝ ብዙም አያስጨንቅም። ቀለል ያለ ትኩሳት፣ ፊት ላይ የሚጀምር ሽፍታ፣ ከጆሮ ጀርባ ያበጠ ንፍፊት፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይለቃል። ነፍሰ ጡርን በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ከያዘ ግን ቫይረሱ በእንግዴ ልጁ አልፎ ጽንሱ ዘንድ ሊደርስ ይችላል። ያን ጊዜ ጽንሱ ሊጨነግፍ ይችላል፤ ካልሆነም ሕፃኑ ዐይኑ በሞራ ተጋርዶ፣ ጆሮው ደንቁሮ ወይም ልቡ ታሞ ሊወለድ ይችላል። እናትየው ሽፍታ ላይወጣባት ሁሉ ይችላል፤ ስለዚህ ጽንሱ ሲወርድ በድካም ወይም በከባድ ሸክም ቢሳበብ አይገርምም።

በሩቤላና በሕፃናት ጉዳት መካከል ያለውን ግንኙነት እ.ኤ.አ. በ1941 ያሳወቀው የሲድኒው የዐይን ሐኪም ኖርማን ግሬግ ነው። በ1964 እና 65 ወረርሽኙ አሜሪካን ሲመታ 11 ሺህ ገደማ እርግዝናዎች ተቋረጡ፤ 20 ሺህ ያህል ሕፃናትም ጉዳቱን ይዘው ተወለዱ። በ1969 ክትባቱ እዚያው ተፈቀደ።

ታዲያ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ለአሥርት ዓመታት ለምን ሳይጀምሩት ቆዩ? ገንዘብ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ግን እንግዳ የሚመስል ስሌት ነበር። ቫይረሱ እንደ ልቡ በሚዛመትበት አገር አብዛኞቹ ሴቶች በልጅነታቸው ታመው፣ መከላከያ አዳብረው ለወሊድ ዕድሜ ይደርሳሉ። ግማሾቹን ልጆች ብቻ ብንከትብ ሥርጭቱ ይቀዘቅዛል እንጂ አይቆምም። ያልተከተቡት ሳይታመሙ ያድጉና ቫይረሱን የሚያገኙት አርግዘው ሳሉ ይሆናል። ግሪክ ይህን በራሷ አየችው፤ ለዓመታት ከግማሽ በታች ልጆቿን ስትከትብ ቆይታ በ1993 ወረርሽኙ ወጣቶችን መታ፤ ተጎድተው የተወለዱ ሕፃናትም ተመዘገቡ።

የዓለም ጤና ድርጅት 80 በመቶ ልጆችን መድረስ የማይችል አገር እንዳይጀምር ሲመክር የኖረው ለዚህ ነው። ኢትዮጵያም ለረጅም ዘመን ልጆቿን ለኩፍኝ ብትከትብም ለሩቤላ አትከትብም ነበር። ጥንቃቄው ምክንያት ነበረው፤ ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። ኩፍኙም ሩቤላውም በአንድ መርፌ መሰጠት እየቻሉ፣ ሽፋኑ እስኪሞላ በተጠበቀባቸው ዓመታት የጨነገፈውን ጽንስ የቆጠረ የለም። በ2024 የድርጅቱ አማካሪዎች የ80 በመቶው ገደብ እንዲነሳ መከሩ።

አሁን የሚመከረው አጀማመር ከ9 ወር ሕፃን እስከ 14 ዓመት ልጅ የሚደርስ ሰፊ ዘመቻ ነው፤ ዕድሜው የሰፋው በግሪክ የታየው ክፍተት እንዳይደገም ነው። ነፍሰ ጡር ራሷ ክትባቱን አትወስድም፤ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ነውና። የምትወስድ ሴትም ለአንድ ወር ያህል እንዳታረግዝ ትመከራለች።