ካርቦን ስንት ሜትር ይወርዳል?

ቀይ ባሕር ጥልቁ ሞቃት ነው። በታላላቆቹ ውቅያኖሶች 1000 ሜትር ላይ ያለው ውኃ አብዛኛውን ጊዜ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን፣ ቀይ ባሕር ግን 2000 ሜትር ላይ እንኳ ከ21 ዲግሪ አይወርድም። ምክንያቱ ደጃፉ ነው፤ ከባብ ኤል ማንደብ በስተ ሰሜን፣ በሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ፣ ወለሉ እስከ 137 ሜትር ከፍ ስለሚል ቀዝቃዛው የሕንድ ውቅያኖስ ጥልቅ ውኃ ሊገባ አይችልም።

ይህ ከካርቦን ጋር ምን አገናኘው? በባሕር ገጽ ላይ የሚኖሩት ጥቃቅን ፋይቶፕላንክተኖች በፀሐይ ብርሃን እየታገዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ምግብ ያደርጉታል፤ በዓለም ውቅያኖሶች በዓመት 50 ቢሊዮን ቶን ገደማ ካርቦን። ሲሞቱ፣ ወይም የበሏቸው እንስሳት ሲጸዳዱ፣ ትርፍራፊው እየተጣበቀ ነጫጭ ብናኝ ሆኖ ወደ ታች ይወርዳል።

በቀን 100 ሜትር የሚሰምጥ ብናኝ 1000 ሜትር ለመድረስ 10 ቀን ይፈጅበታል። እስከዚያ ባክቴሪያዎች ይቀራመቱታል። ቆላ ያደረ ወጥ ደጋ ካደረው ቀድሞ እንደሚሻግት፣ ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሲጨምር የባክቴሪያ ሥራ በጥቅሉ እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ይፈጥናል። ከላይ ባየነው የ16 ዲግሪ ልዩነት ደግሞ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል ማለት ነው። እርግጥ ሞቃት ውኃ ቀጠን ስለሚል ብናኙም ፈጠን ብሎ ይሰምጣል። ይህ ግን በስሌት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ብቻ ነው፤ መበስበሱ ይቀድማል። በቀይ ባሕር ጥልቅ ወለል ላይ ያለው ሕይወት እጅግ የሳሳ መሆኑም ከዚህ ጋር ይያያዛል፤ ከላይ የሚደርሰው ምግብ ጥቂት ነው፣ ሙቀቱም የምግብ ፍላጎትን ያንራል።

ዋናው ጥያቄ ብናኙ የሚበላበት ጥልቀት ነው። የተበላው ካርቦን ተመልሶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናልና። 200 ሜትር ላይ ከሆነ ነፋስና ብርድ ውኃውን ሲያማስሉት በጥቂት ዓመታት ወደ አየር ሊመለስ ይችላል። በታላላቆቹ ውቅያኖሶች ከ1000 ሜትር በታች ከሆነ ግን መቶ ዓመታትና ከዚያም በላይ ይቆያል።

በ2015 የታተመ የሰሜን አትላንቲክ ጥናት ከውኃው ጋር በሚንሳፈፉ ማጥመጃዎች ብናኙን ለክቶ፣ የላይኛው 500 ሜትር ሞቅ ባለበት ቦታ ካርቦኑ ቶሎ እንደሚያልቅ አሳይቷል። እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው፦ በምንለቃቸው ጋዞች ሳቢያ ምድር ላይ ከሚከማቸው ተጨማሪ ሙቀት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ውቅያኖስ ይገባል፤ አብዛኛውም የሚቀረው በላይኛው 700 ሜትር ውስጥ፣ ብናኙ በብዛት በሚበላበት በዚያው ንብርብር ነው።